ታሪኩን ሳልጨርስ ከወንድሜ ጋር መጫወት አልችልም?

ጥያቄ፦ «22 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ዳላስ ይኖራል። ከእሱ ጋር ለመጫወት ብዬ ከአራት ወር በፊት ፋይናል ፋንታሲ 14 የተባለውን የኢንተርኔት ጨዋታ በነጻ ሙከራው ጀመርኩ። እሱና ጓደኞቹ ደረጃ 100 ናቸው። የጎደለኝ ደረጃ ብቻ መስሎኝ ፓላስ ኦፍ ዘ ዴድ በሚባለው ባለ ብዙ ወለል የውጊያ ስፍራ ውስጥ እየተመላለስኩ 60 ደረስኩ፤ የኢሽጋርድ ከተማ በር ግን አሁንም አልተከፈተልኝም። ዋናው ታሪክ ደብዳቤ አድርስ፣ እገሌን አነጋግር፣ ተመለስ ሆኖብኛል። ኩባንያው ይህን የሚያደርገው ወርኃዊ ክፍያ ለማስረዘም ነው ይባላል። ወንድሜ ሙሉውን ጨዋታና የታሪክ ማለፊያውን ገዝቼ ልላክልህ ይላል። ልቀበለው?»

መልስ፦ አሁን አትቀበለው። ደብዳቤህ ውስጥ ሁለት ችግሮች ተደባልቀዋል። አንዱ ታሪኩ አሰልችቶኛል የሚለው ነው፤ ሌላው ከወንድሜ ጋር መገናኘት አቃተኝ የሚለው። መፍትሔያቸው የተለያየ ነው። ማለፊያው የመጀመሪያውን ያስቀርልህ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ግን አንተ ባሰብከው መንገድ አይፈታውም።

መጀመሪያ የደረጃውን ነገር እናስተካክል። በዚህ ጨዋታ ደረጃና ታሪክ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች የሚያዙ ናቸው። ፓላስ ኦፍ ዘ ዴድ የውጊያ ሙያህን እስከ 60 ያሳድግልሃል፤ ታሪኩን ግን አንድ እርምጃ አያራምደውም። በረዷማው ኮርታስ ውስጥ ወደ ኢሽጋርድ የሚያሻግረው በር ፊት ስትቆም ዘበኞቹ የሚጠይቁህ ደረጃህን ሳይሆን እስካሁን የሠራኸውን ነው። ከተማዋ ለባዕዳን ዝግ ናት፤ የምትከፈትልህ በታሪኩ ውስጥ የሚያስገባህ ሰው ስታገኝ ነው። አዳዲስ አገሮች፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ዘመቻዎች (በቡድን የሚገባባቸው የውጊያ ስፍራዎች)፣ ወንድምህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚውልባቸው ትልልቅ ውጊያዎች ሁሉ በዚያው አንድ ክር ላይ ተሰክተዋል። ስለዚህ ፓላስ ውስጥ ያጠፋኸው ጊዜ ባክኖ ባይቀርም በተሳሳተ በር ላይ የተሞከረ ቁልፍ ነበር። ይህን ስህተት ብዙ ሰው ይሠራል፤ በሌሎች የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ደረጃ ብቻውን አብዛኛውን በር ስለሚከፍት ነው።

ታሪኩ ለምን እንዲህ አስገዳጅ ሆነ? ጨዋታው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ነበር፤ ወድቆ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ናኦኪ ዮሺዳ ኃላፊነቱን ተረከበ። እሱና ባልደረቦቹ አሮጌውን ዓለም በታሪኩ ውስጥ በጥፋት ዘግተው፣ ሰርቨሮቹን በኅዳር 2012 አጥፍተው፣ በነሐሴ 2013 ኤ ሪልም ሪቦርን በሚል ስም ከመሠረቱ እንደገና ሠሩት። ያን ጊዜ የመረጡት መንገድ ኩባንያቸው ስኩዌር ኢኒክስ ለብቻ በሚጫወቱት ጨዋታዎቹ የሚታወቅበትን ነው። መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው አንድ ታሪክ፣ አንድ ጀግና፣ ጀግናውም አንተ። ከዚያ በኋላ የመጡት አምስት ማስፋፊያዎች፣ ማለትም ሄቨንስዋርድ በ2015፣ ስቶርምብለድ በ2017፣ ሻዶውብሪንገርስ በ2019፣ ኤንድዎከር በ2021፣ ዶንትሬይል በ2024፣ እያንዳንዳቸው ያለፈው ካቆመበት ይቀጥላሉ። በ2013 የተጀመረው ትልቁ ሐረግ የተቋጨው በኤንድዎከር ነው። እንዲህ የተገመደ ነገር መካከሉን ቆርጠው ቢያወጡት የተቀረው ይፈታል። ክሪስታል ታወር የሚባለው የዘመቻዎች ስብስብ ለዓመታት በፈቃድ የሚሠራ ነበር፤ ሻዶውብሪንገርስ በእሱ ላይ ሲገነባ ጊዜ በ2020 ወደ ግዴታው መስመር ገባ። ታሪኩ ወደፊት ሲያድግ ግዴታው ወደ ኋላም ያድጋል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ተጫዋቾች እምብዛም ልብ አይሉትም። በታሪኩ መንገድ ላይ ያሉት ዘመቻዎች አብዛኞቹ አራት ሰው ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ ስምንት። አንተ ዛሬ የምትገባበትን ዘመቻ ወንድምህ ከዓመታት በፊት አልፎታል፤ ታዲያ አብሮህ የሚገባው ማን ነው? ጨዋታው ነባሮቹን በዕጣ ወደ አሮጌ ዘመቻዎች እየላከ ይሸልማቸዋል፤ ቡድኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው ካለ ሽልማቱ ይጨምራል። ይህ አሠራር የሚቆመው አዲስ መጤዎች ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ሲሰለፉ ነው። በየአቅጣጫው ቢበተኑ ኖሮ እያንዳንዱ በር ላይ ሰው ለመጠበቅ ሰዓታት ትቆም ነበር። በዚህ ላይ አዘጋጆቹን አልወቅሳቸውም፤ ብልህ ሥራ ነው። ሆኖም ዋጋውን ነባሮቹም ከፍለውታል። የመጀመሪያው ክፍል መደምደሚያ በነበሩት ሁለት ዘመቻዎች አዲሱ ተጫዋች በመካከል የሚታየውን የታሪኩን ፊልም አይቶ ሲጨርስ ሌሎቹ የጠላቱን አለቃ ገድለው ይጠብቁት ነበር። ስለዚህ ኩባንያው ማንም ፊልሙን እንዳያልፍ ከለከለ፤ ነባሩም ያንኑ ፊልም ለመቶኛ ጊዜ እጁን አጣምሮ ሊያይ ግድ ሆነበት። ይህ በመጠኑ የተቃለለው ዘመቻዎቹ በአዲስ መልክ ከተሠሩበት ከሚያዝያ 2022 ማሻሻያ ወዲህ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የሰማኸው ወሬ አንተን አይመለከትም። በነጻ ሙከራው ላይ ያለህ ሰው ምንም አትከፍልም፤ የጊዜ ገደብም የለብህም። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ሙከራው ስቶርምብለድን ጨምሮ እስከ ደረጃ 70 ይዘልቃል። ለከፋዩ ግን ወሬው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ወር እየቆጠረ የሚከፍል ሰው ረጅም ታሪክ ሲያነብ ወራት ያልፋሉ፤ ያንኑ ታሪክ ማለፊያ ደግሞ በገንዘብ ይሸጥለታል። ማንኛውም ኩባንያ መሰናክሉንም መሻገሪያውንም አንድ ላይ ሲሸጥ ሊጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ መሰላቸትህ ልምጣ፤ ትክክል ነህና። ታይታን የሚባለውን ኃያል ጠላት ለመግጠም የሚያስፈልግህን ምክር ለማግኘት በጡረታ የተቀመጡ ወታደሮችን ትለምናለህ፤ እነሱ ደግሞ ግብዣ እንድታሰናዳላቸው ይጠይቁሃል። ወይን ጠጅ ፍለጋ ትሄዳለህ። አይብ ፍለጋ ትሄዳለህ፤ ለአይቡ ሲባል አንድ ሙሉ ዘመቻ ትዘምታለህ። ሕዝብ አደጋ ላይ ነው በተባለበት ሰዓት! በመካከሉ ደጋግሞ ወደ ዌኪንግ ሳንድስ ተመለስ ትባላለህ፤ ቤቱ ያለበት ቬስፐር ቤይ መጓጓዣ ክሪስታል ስላልተተከለበት ሆራይዘን የሚባል ሌላ ሰፈር ወርደህ መንገዱን ትጋልባለህ። ደረጃ 50 ላይ ድል አድርገህ ስትጨርስ ደግሞ ኢሽጋርድ ከመድረስህ በፊት መቶ ገደማ ተልዕኮ ይጠብቅህ ነበር። እነዚህ በየጥቂት ወሩ ጥቂት ጥቂት እየወጡ ለነባሩ የቀረቡ ነበሩ፤ ለእሱ መክሰስ ነበሩ። ለአንተ ግን ሁሉም በአንድ ማዕድ ቀረቡ። ኩባንያውም ጥፋቱን ስላወቀ በነሐሴ 2020 ከመጀመሪያው ክፍል ተልዕኮዎች 13 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በነዚያ አገሮችም እየበረሩ መሄድን ፈቀደ። ተሻሽሏል፤ በቂ ነው ግን አልልም።

ተልዕኮ መንደፍ ሥራዬ ነውና አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ሳምንት ሙሉ የደከምኩበትን የተልዕኮ ጽሑፍ አንድ ወጣት ሲሞክረው ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ጣቱ አንዱ ቁልፍ ላይ ሆኖ ያለማቋረጥ ይጫናል፤ ዓይኑ ጽሑፉ ላይ ሳይሆን የማያ ገጹ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ካርታ ላይ ነው፤ ቀጣዩ ምልክት የት እንደበራ ይፈልጋል። ስለ ምን ነበር ብዬ ብጠይቀው ሊነግረኝ አልቻለም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከበስተኋላው ጓደኞቹ ያሉበት ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ጽሑፉ ለእሱ ኬላ ነበር። ኬላ ላይ የቆመ ሰው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ግጥም አያነብም። አንተም ዛሬ ያለህበት ሁኔታ ይህ ነው። ስለዚህ «ታገሥ፣ ከመቶ ሰዓት በኋላ ይጥማል» የሚሉህን አትስማ። መቶ ሰዓት የሰው ዕድሜ ነው። መፍትሔው ወንድምህን ከኬላው ማዶ ሳይሆን ከወዲህ ማግኘት ነው፤ ያን ጊዜ ታሪኩ እንደ ታሪክ ሊነበብ ይችላል፤ ሳትፈልገው ብትቀርም የሚከለክልህ ነገር አይኖርም።

ከዚያ በፊት ወንድምህ ሊገዛው ያሰበው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል እወቅ። ማለፊያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ታሪኩን ያሳልፋል፤ ደረጃህን አይነካም። ሁለተኛው የአንድ ሙያህን ደረጃ ያሳድጋል፤ ታሪኩን አይነካም። ወንድምህ ያለበት ለመድረስ ሁለቱም ያስፈልጉሃል፤ ዋጋቸው ተደምሮ ከሁለት ወር ክፍያ ይበልጣል። ያም ሆኖ አትደርስም፤ የመጨረሻው ማስፋፊያ ታሪክ ማለፊያ አይሸጥለትም። ዶንትሬይልን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራስህ መሄድ ይኖርብሃል፤ ያውም የማታውቃቸው ሰዎች እንደ አሮጌ ወዳጅ አቅፈው ሲቀበሉህ፣ እንዴት እንደምትዋጋበት ባልተማርከው ሙያ፣ ሦስት ደርዘን ቁልፍ ፊትህ ተደርድሮ። ያለፍካቸውን ፊልሞች እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ባለው መጽሐፍ ከፍተህ ማየት ትችላለህ፤ ነገር ግን አንዴ የተጠቀምክበት ማለፊያ አይመለስም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከዚህም የከበደ ነው። ማለፊያዎቹ በነጻ ሙከራ ላይ አይሠሩም፤ መጀመሪያ ሙሉውን ጨዋታ መግዛት አለብህ። ሙሉ የሆነ አካውንት ደግሞ ወደ ነጻ ሙከራ ፈጽሞ አይመለስም። ከግዢው ጋር የሚመጣው የመጀመሪያው ወር ካለቀ በኋላ ከ13 እስከ 15 ዶላር ገደማ በየወሩ ካልተከፈለ በሩ ይዘጋል። አዲስ አበባ ሆነህ ይህን በራስህ ካርድ መክፈል ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ ስለዚህ በየወሩ የወንድምህን እጅ ልታይ ነው። አንድ ወር ቢያልፈው ወይ ታስታውሰዋለህ፣ ወይ ዝም ትላለህ፤ ሁለቱም በወንድማማቾች መካከል ባይገባ ይሻላል። አንድ ቀን ሙሉውን የምትገዙ ከሆነ ግን የአካውንትህ ክልልና የግዢው ክልል አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ በኮምፒውተር ላይ ሙከራውን ስቲም በሚባለው የጨዋታ መደብር ጀምረህ ከሆነም ሙሉውን ከስቲም መግዛት ግድ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ገንዘቡን አባክኗል።

ታዲያ እንዴት ትጫወታላችሁ? ወንድምህ ይውረድ። ጨዋታው ይህን ለማድረግ የተሠራ ነው። ደረጃ 100 የሆነ ሰው በታሪክህ መንገድ ላይ ወዳለ ዘመቻ አብሮህ ሲገባ ኃይሉ ወደ ዘመቻው ደረጃ ይወርዳል፤ ከዚያ ደረጃ በላይ የተማራቸው ክህሎቶችም አይሠሩለትም። አንተ ያንን ዘመቻ የመክፈት ግዴታ እንጂ የእሱን ደረጃ የመድረስ ግዴታ የለብህም። በነጻ ሙከራ ላይ ያለ ሰው ቡድን መፍጠር አይችልም፤ ጋባዡ እሱ ይሁን እንጂ መግባት ትችላለህ። ዕቃ መለዋወጥ፣ ገበያ መጠቀምና የእነሱ ማኅበር አባል መሆን አትችልም፤ እነዚህን ለጊዜው እርሳቸው።

ከሁሉ የተሻለው ቦታ ደግሞ በእጅህ አለ፤ እስካሁን ብቻህን የተመላለስክበት ፓላስ ኦፍ ዘ ዴድ። እዚያ የሚገባ ሁሉ፣ ደረጃ 100ም ይሁን 17፣ ከደረጃ 1 ይጀምራል። እስከ አራት ሰው ሆናችሁ ከመጀመሪያው ወለል ተነሥታችሁ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። አምሳኛው ወለል ላይ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይዘጋል፤ መጨረሻው ሁለት መቶኛው ነው። ክፍሎቹ በገባችሁ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ ወጥመዱን ወንድምህም አስቀድሞ አያውቀውም። ከአንተ የሚበልጥበት ዋናው ነገር ልምዱ ነው፤ እሱንም ሊያካፍልህ ነው የመጣው።

አንድ ነገር ግን ከልክለው፤ የደረጃ ገደቡን አንሥቶ ከነሙሉ ኃይሉ እንዳይገባ። አማራጩ አለ፣ ያጓጓልም፤ በአምስት ደቂቃ ዘመቻውን ጠርጎ ያወጣሃል። አንተ ግን ከኋላው ሮጠህ በድን ስትቆጥር ትቀራለህ፤ የዘመቻውንም ልምድ አትማርም፤ በኋላ ከማያውቁህ ሰዎች ጋር ስትገባ ይጋለጣል።

በቀሩት ቀናት ታሪኩን በልክ ሂድበት። የሚነድ ኮከብ የሚመስለውን የዋናውን ታሪክ ምልክት ብቻ ተከተል፤ ከሌሎቹ መካከል የመደመር ምልክት ያለባቸውን ሰማያዊዎች ውሰድ፣ አዲስ ነገር የሚከፍቱት እነሱ ናቸውና። ተራዎቹን ተዋቸው። ሌላ ሙያ ቢያምርህ አዲስ ገጸ ባሕርይ አትፍጠር፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ ሁሉንም ሙያ ይይዛል፤ አዲስ ከፈጠርክ ታሪኩን ከሀ ልትጀምር ነው። ፊልሞቹን በተመለከተ እኔ የምከተለው ደንብ አለ፤ ገጸ ባሕርያቱ በድምፅ የሚናገሩበትን እያለሁ፣ በጽሑፍ ብቻ ያለውን ፈጥኜ አልፋለሁ። አዘጋጆቹ ድምፅ የቀዱት አብዛኛውን ጊዜ ክብደት ለሰጡት ትዕይንት ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሆን ተብሎ በጥንታዊ አነጋገር የተጻፈ ስለሆነ በሁለተኛ ቋንቋው ለሚያነብ ሰው ሁለት እጥፍ ያደክማል፤ መሰላቸትህ በከፊል ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላልና ራስህን አትውቀስ።

የአገራችንን መብራትና ኢንተርኔትም አስብ። ይህ ጨዋታ አፍሪካ ውስጥ ሰርቨር የለውም፤ አንተ ደግሞ ለወንድምህ ስትል የሰሜን አሜሪካውን መርጠሃል። መሬት ላይ ጥቃት የሚያርፍበትን የሚያሳይ የብርቱካን ቀለም ሲበራ ቀለሙ እስኪጠፋ አትጠብቅ፤ መመታት አለመመታትህ የሚወሰነው ጥቃቱ ከመታየቱ ቀድሞ ነውና አንድ ልብ ምት ያህል ፈጥነህ ውጣ። በአዘቦት ቀን በአራት ሰው የሚሠሩትን የታሪክ ዘመቻዎች ጨዋታው ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው ባልደረቦች ጋር ግባ፤ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ይህ ተፈቅዷል። መብራት ቢጠፋ ሦስት ሰው ጦር ሜዳ ላይ ጥለህ አትጠፋም። ስምንት ሰው ለሚጠይቁት ውጊያዎች ግን ሰው ያስፈልጋል፤ እነሱን ለወንድምህ ቀን አቆያቸው።

ገደቡንም ልንገርህ። ይህ ሁሉ ወንድምህ ቅዳሜ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር ወደሚገባበት ከፍተኛ ውጊያ አያስገባህም። ያንን ብቻ ከፈለግህ ሌላ መንገድ የለም፤ ወይ ታሪኩ ወይ ገንዘቡ። ኢሽጋርድ ገብተህ የሄቨንስዋርድን ታሪክ ግማሽ ያህል ሄደህበት ካልያዘህ ደግሞ አትታገለው። ከወንድምህ ጋር ጨዋታ ቀይሩ። ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን በጥቅምት 2016 ባደረገው ለውጥ ማንኛውም ተጫዋች በየትኛውም አገር ከማንም ጋር እንዲጫወት ፈቅዷል፤ ግን መገዛት አለበት። ጊልድ ዋርስ 2 መሠረታዊው ክፍል በነጻ ይገኛል፤ ወርኃዊ ክፍያ የለበትም፤ ከፍ ያለው ተጫዋች ወደ ዝቅተኛ አገር ሲመጣ ደረጃው በራሱ ይወርዳል። የሁለቱም ታሪክ እንደ ፋይናል ፋንታሲ 14 የተገመደ አይደለም፤ የላላ በር የሚገኘው በላላ ገመድ ነው። ለአንተ ከካርድ ችግርህ ጋር ሁለተኛው ይሻላል።

አሁን ለወንድምህ እንዲህ ብለህ ጻፍለት። ገንዘብህን ያዝ፣ ቅዳሜ የሁለት ሰዓት ጊዜ ስጠኝ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ዳላስ ረፋድ ነው፤ የእሱ ጓደኞች ከመሰብሰባቸው በፊት ትጨርሳላችሁ። ፓላስ ኦፍ ዘ ዴድ ላይ አዲስ መዝገብ ክፈቱ፣ የያዝከውን አሮጌውን አትጠቀሙ። እሱ ይጋብዝህ፤ አንደኛው ወለል ላይ ሁለታችሁም ደረጃ 1 ሆናችሁ ትቆማላችሁ።